ሦስት ሆነን በስልክ ብንጸልይ ጌታ በመካከላችን አለ?

ከሪያድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ሳዑዲ ቤተ ክርስቲያን የለም። እሑድ ማለዳ ቤተሰቡ ሳይነቃ ከጅዳና ከደማም እኅቶች ጋር በስልክ እንገናኝና በቀጥታ የሚተላለፈውን ቅዳሴ አብረን እንከታተላለን። ሦስት ነበርን፣ አሁን ሁለት ቀርተናል። በቀደም አንድ ወንድም «ይሄ ቪዲዮ ማየት እንጂ ጉባኤ አይደለም» አለን። ከዚያ ወዲህ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። «ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት በዚያ በመካከላቸው እሆናለሁ» የተባለው እኛን አይጨምርም ማለት ነው?

ዲያቆኑ፦ እኅቴ፣ አነጋገሩ ቢከብድም ሐሳቡ ውስጥ እውነት አለ። በእኛ ሥርዓት ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን (ካህናትና ዲያቆናት)፣ ታቦትና ሕዝብ ይፈልጋል። ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲል ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ይመልስለታል። አንቺ ብትመልሺም እሱ አይሰማሽም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁርባን አለ። ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል፣ እኔም በእርሱ ነው ያለው። ይሄ በስልክ አይመጣም።

ከሐዋሳ፦ እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፣ ስለ ታቦቱ አልከራከርም። ግን ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት በዚህ ተራራም በኢየሩሳሌምም የማትሰግዱበት ጊዜ ይመጣል አላት እኮ! በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ሆነው ጸለዩ። ሲዘጋ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ሕንፃ አልነበራቸውም። እግዚአብሔር ግን ነበረ።

ዲያቆኑ፦ ምሳሌህ ለእኔ ነው የሚያግዘኝ፣ ወንድሜ። እነዚያ ሰዎች እስር እያለ እንኳ በአካል ነው የተገናኙት። አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔን የሚያሳስበኝ የሪያዷ እኅት አይደለችም። አዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እየኖረ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በስልክ «አስቀደስኩ» የሚለው ነው።

ከሐዋሳ፦ በዚህስ እንስማማለን። የእኛም ሰዎች ለምደውታል። ግን ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በሥጋ ብርቅም በመንፈስ አብሬያችሁ ነኝ ብሏል። ርቀት ኅብረትን አይቆርጥም።

አንዲት እናት፦ ልጆቼ፣ በ2012 በኮሮናው ጊዜ ፋሲካን ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። አለቀስኩ። ቁርባኑ ቀርቶብኛል፣ ዲያቆኑ ልክ ነው፣ ምንም አይተካውም። ግን እግዚአብሔር ቤቴ አልነበረም የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። ሠለስቱ ደቂቅ ባቢሎን እሳት ውስጥ ሲጣሉ ቤተ መቅደሳቸው ሩቅ ነበር። የታዩት ግን አራት ሆነው ነው። አንቺም የሪያዷ ልጄ፣ በሰው አገር ነሽ። የጎደለብሽ ቁርባን ነው፤ እሱን አገርሽ ስትገቢ ንስሐ አባትሽን ይዘሽ ትደርሺበታለሽ። እስከዚያ ጸሎታችሁን እንዳትተዉ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሁለት ወይም ሦስት» የሚለውን ሁላችንም ለብቻው ነጥለን እንጠቅሰዋለን። ማቴዎስ 18ን ከ15 ጀምራችሁ አንብቡት። ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ነው የሚለው። በመካከላቸው እሆናለሁ የተባለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ እኔ ስልክ ነው ወይስ አዳራሽ ብዬ አልጠይቅም። ተኳርፈው ጎን ለጎን የሚቆሙትን ነው የምፈራላቸው።

ዲያቆኑ፦ እማማ፣ ይሄን እኔም አልፌው ነበር። ቅዳሴውም ቢሆን እርስ በእርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ይለናል፤ ከቁርባኑ በፊት።

ከሪያድ፦ እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት የቀረነው ለምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ከጅዳዋ ጋር በብር ተጣልተን ነው፣ ወር ሊሞላን ነው። ዛሬ ማታ ሥራ ስጨርስ እደውልላታለሁ። ካነሳችልኝ እሑድ ሦስት እንሆናለን።