ክርክር፦ ለታዳጊ ልጅ ማታ የሚደረግ ሌንስ ይሰጥ ወይስ ይቅር?

የልጅቷ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ማዮፒያዋ (የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግሯ) በየዓመቱ እየጨመረ መጣ። ሐኪሟ ኦርቶኬ የሚባል ሌንስ ይሻላታል አለን። ማታ ተደርጎ ይተኛበታል፣ ጠዋት ይወጣል፣ ቀን ያለ መነጽር ታያለች። ባለቤቴ ወዶታል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይን ላይ የሚያድር ነገር አልዋጥልኝ አለ። የዓይኗን ገጽ አይጎዳውም?

መነጽር ይበቃል፦ እህቴ፣ አትሞክሪው። ኮርኒያ፣ ማለትም ከፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ የዓይን ገጽ፣ ደም ስር የለውም፣ ኦክስጅን የሚያገኘው በዋናነት ከአየር ነው። ዓይን ሲከደን ከዓይን ቆቡ ውስጠኛ ደም ስሮች በሚመጣ ትንሽ ኦክስጅን ነው የሚያድረው። እሱ ላይ ሌንስ ሲጨመር ምን ይተርፈዋል? ደግሞ የተኛ ሰው ዓይኑን አያርገበግብም፣ ስለዚህ ሌንሱ ስር ያለው እንባ እንደ ቀኑ አይታደስም፣ ባክቴሪያ ካለ እዚያው ሲራባ ያድራል። መነጽር ማንንም ኢንፌክሽን አስይዞ አያውቅም።

ኦፕቶሜትሪስት (የእይታ ምርመራ ባለሙያ) ነኝ፦ ስለ ኦክስጅኑ ልክ ነህ፣ ግን የዛሬዎቹ ሌንሶች ጠንካራ ሆነው ኦክስጅን በደንብ የሚያሳልፉ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ተኝቶ ለመጠቀም የተፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የሚሰጡትም መነጽር ለማስጣል ብቻ አይደለም። ማዮፒያ የሚባባሰው የዓይን ኳስ ወደ ኋላ ሲረዝም ነው፤ በሁለት ዓመት ጥናቶች ይህ መርዘም ከ30 እስከ 50 በመቶ ገደማ ቀንሶ ታይቷል። ማዮፒያ በጣም ከፍ ካለ በኋለኛ ዕድሜ ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) የመላቀቅ አደጋ ስለሚጨምር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የገጹን ነገር ካነሣችሁ ግን አልደብቅም፣ ሌንሱ የሚሠራው የኮርኒያን የላይኛውን ስስ ሽፋን መሃሉ ላይ ይበልጥ እንዲሳሳ አድርጎ ነው። ሌንሱን ስታቆም ቅርጹ ይመለሳል።

መነጽር ይበቃል፦ ራስህ አልከው እኮ! ያ ሽፋን ጀርም የሚከለክለው አጥር ነው። አጥሩን በየሌሊቱ አሳስተህ ልጁን ጤናማ ነው ትለኛለህ?

ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፦ አደጋ የለውም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ለአንድ ዓመት ከሚጠቀሙ 10,000 ልጆች ወደ 14 የሚጠጉት የኮርኒያ ኢንፌክሽን እንደሚይዛቸው ገምቷል። ትንሽ ነው፣ ግን ጠባሳው መሃል ላይ ካረፈ እይታ ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን ቀላል የገጽ መቆጣትና ድርቀት ነው፣ ክትትል ካለ ቶሎ ይደረስበታል። የከፉት ኢንፌክሽኖች ላይ ሁለት ስሞች ይደጋገማሉ፣ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያና አካንታሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ። አካንታሜባ የቧንቧ ውሃ ውስጥም ይኖራል። ሌንሱን፣ ማስቀመጫውን፣ ማውጫ ላስቲኩንም ቢሆን በውሃ ማለቅለቅ ክልክል ነው።

የ17 ዓመት ተጠቃሚ፦ እኔ አደርገዋለሁ፣ ኳስ ስጫወት መነጽር የለ ምን የለ፣ በጣም ነው የተመቸኝ። ጠዋት አንዳንዴ ይጣበቃል፣ ጠብታ አድርጌ ትንሽ ጠብቄ እስኪንሸራተት ነው የማወጣው፣ መጎተት የለም። የሚሰለቸው እጥበቱ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እናቴ ባትጨቀጭቀኝ ማስቀመጫውን መቼም አልቀይረውም ነበር።

መነጽር ይበቃል፦ ያው ነው የምለው። የአንድ ልጅ ኮርኒያ በእናቱ ጭቅጭቅ ላይ ተንጠልጥሏል። የማዮፒያን መባባስ የሚያዘገይ አትሮፒን ጠብታ አለ፣ እንዲሁ የሚያዘገዩ የመነጽር መስታወቶች አሉ፣ በየቀኑ የሚጣል ለስላሳ ሌንስም አለ።

የልጅቷ እናት፦ ልጄ ራሷ ጠንቃቃ ናት። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ አለርጂ አለባት፣ ዓይኗን ስታሽ ነው የምትውለው።

ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፦ ኧረ ይሄ ዋና ነገር ነው! እኔ ብሆን አሁን አልጀምርላትም። የተቆጣና የሚታሽ ዓይን ላይ ሌንስ ማሳደር ገጹን ይባስ ያቆስላል። መጀመሪያ አለርጂው ይታከም፣ የእንባዋና የቆቧ የቅባት ዕጢዎች ይታዩ፣ ከዚያ እንነጋገር። እስከዚያው በመነጽር ወይም በአትሮፒን መሄድ ይቻላል። ከጀመረች ደግሞ ዓይኗ ከቀላ፣ ካመማት፣ ብርሃን ካስቸገራት ሌንሱን አውጥታ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ፣ ነገ ይሻለኛል ማለት አይሠራም።

መነጽር ይበቃል፦ እስከ አለርጂው ድረስ ተስማምተናል። አለርጂው ከዳነ በኋላ ግን እመለሳለሁ፣ ያኔም መልሴ አትስጫት ነው።