ፓኬጄ እኔ ላፕቶፕ ላይ ትሰራለች፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እምቢ አለች

የሂርማታ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ፎቶ ቤት ነው የምሰራው። አንድ የሰርግ ፎቶ ብቻውን 8 ሜጋባይት ይሆናል፤ በቴሌግራም ልላክ ስል ኔትወርኩ አይችለውም። በሲ የተጻፈች አንዲት ኦፕን ሶርስ የፎቶ መጠን መቀነሻ አግኝቼ፣ ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ዓይነት) ባለው ላፕቶፔ ላይ የዴብ ፓኬጅ (መጫኛ ፋይል) አደረግኳት። እኔ ጋ ቆንጆ ትሰራለች። ፎቶ ቤት ስወስዳት ግን ኡቡንቱ (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ያለው ኮምፒውተር «ሊብጄፔግ62-ተርቦ ያስፈልጋል» ብሎ አልጭንም አለ። አሮጌው ባለ ኮር ቱ ዱዎ (የድሮ ፕሮሰሰር) ኮምፒውተር ደግሞ ዴቢያን 12 ነው፤ ይጭናታል፣ ግን ገና ስትነሳ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብላ ትዘጋለች። ሦስት ቀን ታገልኩ፤ እባካችሁ።

የቆጪው፦
እህቴ፣ ጄፔግኦፕቲም የሚባል የፎቶ መቀነሻ እኮ ዴቢያንም ኡቡንቱም ውስጥ አለ። በአፕት (በፓኬጅ መጫኛው ትእዛዝ) ጫኚው፣ ጥራቱን 85 ላይ ወስኚ፣ አለቀ።

የሂርማታ ልጅ፦
ሞክሬዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ይቺ ግን ጄፔግንም ፒኤንጂንም በአንድ ትእዛዝ ትጨርሳለች። ሌሎች ፎቶ ቤቶችም እንዲጠቀሙባት እፈልጋለሁ።

ከጂረን፦
ሁለቱ ችግሮች አይገናኙም። ፓኬጅ ሲሰራ፣ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ኮዶች) የሚመዘገቡት በተሰራበት ሲስተም ስማቸው ነው። ዴቢያን ሊብጄፔግ62-ተርቦ የሚለው፣ ኡቡንቱ ላይ ሊብጄፔግ-ተርቦ8 ነው። አደራ፣ ኮንትሮል ፋይሉ (የፓኬጁ መግለጫ) ላይ ስሙን በእጅ እንዳትቀይሪ! ውስጡም ይለያያል። ዴቢያን ላይ የተሰራው ፕሮግራም የላይብረሪውን ቁጥር 62 ይፈልጋል፣ ኡቡንቱ ላይ ያለው ግን 8 ነው፤ ቢጫን እንኳ አይነሳም። ለኡቡንቱ እዚያው ኡቡንቱ ላይ፣ ወይም በፒቢልደር (ፓኬጅ ለብቻው በተለየ ክፍል የሚሰራ መሣሪያ) ንጹሕ የኡቡንቱ ክፍል ውስጥ እንደገና ስሪያት።

የአሮጌው ኮምፒውተር ጉዳይ ግን ሜክፋይሉ (ፕሮግራሟ እንዴት እንደምትሰራ የሚያዘው ፋይል) ይመስለኛል። «ማርች=ኔቲቭ» የሚል አለበት?

የሂርማታ ልጅ፦
አዎ! 4ኛው መስመር ላይ አለ።

ከጂረን፦
በቃ፣ እሱ ነው። ያ ቃል ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረውን) «ለዚሁ ፕሮሰሰር ብቻ ስራልኝ» ይለዋል። ያንቺ ላፕቶፕ ኤቪኤክስ የሚባሉትን አዳዲስ የፕሮሰሰር ትእዛዞች ያውቃል፣ ኮር ቱ ዱዎ አያውቅም። የዴቢያን ፓኬጅ ደግሞ የትኛውም ባለ 64 ቢት ፒሲ ላይ መነሳት አለበት። አውጪው፤ ግን ዋናውን ኮድ በቀጥታ አትንኪ። ዴቢያን የሚለው ፎልደር ውስጥ ፓች (የለውጥ ፋይል) አድርገሽ አስቀምጪው፣ አዲስ ቨርዥን ሲመጣ እንዳይጠፋብሽ። ሜክፋይሉ የኮምፓይል ምርጫዎቹን ከውጭ እንዲቀበልም አድርጊ።

ነባር ፓኬጅ ሰሪ፦
ትክክል ነው። ስትጨርሺ በኦብጅደምፕ (የፕሮግራሙን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ) ክፈቻትና ኤቪኤክስ የሚጠቀምበትን «ዋይኤምኤም» የሚል ቃል ፈልጊ። ካለ ኤቪኤክሱ አልወጣም። ኮፒራይት ፋይሉንም (የኮዱ ባለቤቶችና ላይሰንሶች የሚጻፉበትን) አደራ። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሌላ ሰው ኮድ ይዘው ይመጣሉ፣ ላይሰንሱም ሊለይ ይችላል። እያንዳንዱን ፋይል ከላዩ አንብቢ። ወደ ዴቢያን ለማስገባት ካሰብሽ በደንብ ከሚታዩት አንዱ እሱ ነው።

የሂርማታ ልጅ፦
አሮጌው ላይ ተነሳች! ትንሽ ዘግየት ትላለች እንጂ 8 ሜጋዋን ፎቶ ወደ 2 ገደማ አወረደችልኝ። ኮዱን ሳነብ ሁለት ፋይሎች በቢኤስዲ ላይሰንስ ሆነው አገኘኋቸው፣ ጽፌአቸዋለሁ። ለኡቡንቱው ፒቢልደር እያወረደ ነው፤ ኔቱ ቀን ስለማይችለው ሌሊት ትቼው አድራለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።