ልጄን መንገድ ላይ በደረቱ አስተኙት፤ አቤት ብንል ዜግነቴን ያበላሽብኛል ወይ?

የልጁ እናት (ኮሎራዶ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ለሲቲዝንሺፕ አመልክቼ የኢንተርቪው ቀን ደርሶኛል። ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ 18 ይሞላዋል። ሁላችንም ያለነው በግሪን ካርድ ነው።

ባለፈው ዓርብ ልጄ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ሲደረድር አምሽቶ በመኪና ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። እጅህን አሳይ አሉት፤ አሳየ። ውረድ አሉት፤ ወረደ። አስፋልት ላይ በደረቱ አስተኝተው ካቴና አሰሩት። አንዱ በጉልበቱ ወገቤን ተጭኖኝ ነበር ይላል። ወደ 40 ደቂቃ አቆይተው "የምንፈልገው መኪና ይሄ አይደለም" ብለው ፈቱት። ቲኬት የለ፣ ወረቀት የለ፣ ይቅርታ የለ። ቤት ሲገባ የሥራ ሸሚዙ በሙሉ ጥቁር ነበር። ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ አልለቅ አለኝ።

ልጁ አቤት እላለሁ ይላል። ቅዳሜ የፖሊስን በደል የሚቃወም ሰልፍ አለ፣ ከጓደኞቼ ጋር እወጣለሁም ይላል። አባቱ "ወረቀታችን እስኪያልቅ አፍህን ዝጋ" አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። እኔ መሀል ሆኜ ምግብ አቀርባለሁ፣ ማንም በቅጡ አይበላም።

አቤቱታ ብናስገባ ኢንተርቪዬ ላይ ችግር ያመጣል? የሱ መታሰር እኔ ፎርም ላይ መሞላት አለበት? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ባለዶሴው (ዴንቨር)፦

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ቤቱ ገባልሽ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን የብዙ ሰው ፎርም ሞልቻለሁ። ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ላይ "በፖሊስ ተይዘሽ፣ ታስረሽ ታውቂያለሽ ወይ" የሚለው ጥያቄ የሚመለከተው አመልካቹን ነው። አመልካቿ አንቺ ነሽ። የልጅሽን ዓርብ ማታ አንቺ ፎርም ላይ አትጽፊውም። ፖሊስ ላይ አቤቱታ ማቅረብም ወንጀል አይደለም፤ ፎርሙም ስለሱ አይጠይቅም።

አሁን ትልቁ ነገር ዕድሜው ነው። ልጅሽ ግሪን ካርድ ካለው፣ በአሳዳጊነትሽ ሥር ካንቺ ጋር የሚኖር ከሆነ፣ 18 ሳይሞላው አንቺ መሐላ ከፈጸምሽ፣ እሱም በዚያው ቀን በሕግ ዜጋ ይሆናል። ይሄ ሕግ ከ2001 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ልብ በይ፣ ኢንተርቪው ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ የሚቆጠረው መሐላው ነው። ልደቱ ካለፈ ግን ራሱን ችሎ ማመልከት አለበት። ያኔ "ተይዘህ ታውቃለህ ወይ" የሚለው ጥያቄ ለሱ ይቀርብለታል፤ ዓርብ ማታንም መመለስ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ኢንተርቪው ስትሄጂ የልደት ሰርተፍኬቱን ያዢ። መሐላው ከልደቱ በፊት እንዲሆንልሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ሁለተኛው ቪዲዮው ነው። ኮሎራዶ በ2020 ባወጣው ሕግ ፖሊሶች ካሜራ እንዲይዙ ተገደዋል። በደል ደረሰብኝ የሚል አቤቱታ ካለና ቪዲዮው ይሰጠኝ ተብሎ ከተጠየቀ በ21 ቀን ውስጥ መለቀቅ አለበት። ምርመራ ያደናቅፋል ካሉ እስከ 45 ቀን ሊያዘገዩት ይችላሉ። በዚያው ሕግ ክስ ለመመሥረት 2 ዓመት ጊዜ አላችሁ። ክሱ ሊዘገይ ይችላል፤ የቪዲዮው ጥያቄ ግን ዛሬ ይግባ።

ይሄ ሕግ ዝም ብሎ አልመጣም። ኤላይጃ መክሌን የሚባለውን ጥቁር ወጣት የዴንቨርና የአጎራባቿ የአውሮራ ሰዎች ሁላችን እናስታውሰዋለን። ኦገስት 2019 ማታ ከሱቅ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ፊቱን ሸፍኗል ተብሎ 911 ተደወለበት። ፖሊሶች አንገቱን ያዙት፣ ከዚያ የአምቡላንስ ሠራተኞች ኬታሚን የሚባል ማደንዘዣ ወጉት። 23 ዓመቱ ነበር። ከቀናት በኋላ ሞተ። ሰልፉ ባይኖር ኖሮ ያ ዶሴ ተዘግቶ ይቀር ነበር፤ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉ አልከስም ብሎ ነበር። በ2023 ግን አንድ ፖሊስና ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ተፈረደባቸው።

ሹፌሩ (ሜሪላንድ)፦

እህቴ፣ ባልሽ ልክ ነው። ስሚው።

19 ዓመት ነድቻለሁ፤ መጀመሪያ ታክሲ፣ አሁን ኡበር። ስንት ጊዜ እንዳስቆሙኝ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። እጄን መሪው ላይ አደርጋለሁ፣ "የስ ኦፊሰር" እላለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። ልጅሽም ቤቱ ገብቷል። ተመስገን በይ።

የኔን ጓደኛ የገደለው ፖሊስ አይደለም። ሌሊት ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሲሠራ ሁለት ወጣቶች ገብተው በጥይት መቱት። ካዝናው ውስጥ 100 ዶላር እንኳን አልነበረም። አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ገንዘብ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ለእናቱ ደውዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። "ብር ሲልክልኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ልጄን በሣጥን ትልክልኛለህ?" አለችኝ። ለሱ ሰልፍ የወጣ የለም። ግድግዳ ላይ ፎቶውን የሣለ የለም። ፖሊስ ይቀነስ የሚሉ ሰዎች ሌሊት ሱቅ አይጠብቁም።

ደግሞ እኛ ሐበሾች ነን። የጥቁር አሜሪካዊና የነጭ ጸብ ከኛ በፊት የነበረ ነው። ሠርተን ልጅ ልናሳድግ ነው የመጣነው።

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)፦

ወንድሜ፣ ለጓደኛህ ነፍስ ይማር። የምትለው ሐዘን እውነት ነው፤ አንድም ሰው እዚህ አይክደውም።

ግን "እጄን መሪው ላይ አድርጌ" ያልከው ላይ ላቁምህ። ፊላንዶ ካስቲል የሚባል ጥቁር ሰው ፖሊስ መኪናውን አስቁሞት የሞተው እዚህ አጠገባችን ፋልከን ሃይትስ ነው፣ ጁላይ 2016። የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠራው። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ እንደያዘ ራሱ በትሕትና ተናገረ፣ "ሰር" እያለ። ኋላ ወንበር ላይ የ4 ዓመት ሕፃን ነበረች። ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው። በነፃ ወጣ። ጨዋነት ቢያድን ኖሮ እሱን ያድነው ነበር።

በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የሚባለው ጥቁር ሰው በፖሊስ ጉልበት ሥር የሞተበት መንገድ ከምሠራበት 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ በተነሣው ረብሻ ሌክ ስትሪት የሚባለው መንገድ ሲቃጠል ጭሱ መኪናዬ ውስጥ ይገባ ነበር። በርበሬና ጤፍ የምገዛበት ሱቅ መስኮቱ ተሰባበረ። ባለሱቁ የ12 ዓመት ላቡ ነው። አልቅሼለታለሁ። እሱንም፣ 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ አንገቱ ላይ ጉልበት የተቀመጠበትንም ሰው አልቅሼላቸዋለሁ። ለሁለቱም ለማዘን ከሁለት አንዱን መካድ አላስፈለገኝም።

እህቴ፣ የፍሎይድን አሟሟት በቪዲዮ የቀረፀችው ልጅ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። እንደ ልጅሽ። ፖሊስ በመጀመሪያው ቀን ያወጣው መግለጫ "በሕክምና ችግር ሞተ" የሚል ነበር። እሷ ስልኳን ባታነሣ በዚያው ይቀር ነበር።

እናቴ በዚያ ሰሞን ከደብረ ማርቆስ ትደውላለች። "ነይ ግቢ፣ ምን ቀረሽ እዚያ" ትለኛለች። በማግስቱ ደግሞ የእህቴ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ደርሷል ትለኛለች። ሁለቱንም ከልቧ ነው የምትለው። ከስልኩ በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጬ የምቆየው ጊዜ አለ።

የፖርትላንዱ አባት፦

ልጆቼ፣ "እኛ ሐበሾች ነን" የሚለውን እኔም እል ነበር።

እዚህ ፖርትላንድ ኖቬምበር 1988 ሙሉጌታ ሥራውን በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መትተው ገደሉት። ለትምህርት የመጣ ልጅ ነበር፣ 28 ዓመቱ። አገር ቤት ትንሽ ልጅ ትቶ ነበር የመጣው። ገዳዮቹ ስኪንሄድ የሚባሉ ዘረኞች ናቸው። ከየት መጣህ፣ ስንት ሺህ ዓመት ታሪክ አለህ ብለው አልጠየቁትም። ቆዳውን ዓይተው ነው። ያን ክረምት ማታ ብቻችንን ከቤት አንወጣም ነበር። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሁለት ሦስት ሆነን ነበር የምንቆመው።

ኋላ ቤተሰቡን ወክለው ጠበቆች ከሰሱ፤ በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ተፈረደ። ዘረኞቹን የሚያደራጀው ሰውዬ ቤቱን ሳይቀር አጣ። አቤት በማለት ነው ይሄ የሆነው።

ፖሊስም ቢሆን ዜግነት አይለይም። በ1999 ብሮንክስ ውስጥ ከጊኒ የመጣው አማዱ ዲያሎ በራፉ ላይ ቆሞ የኪስ ቦርሳውን ሲያወጣ 41 ጥይት ተኮሱበት። አራቱም ፖሊሶች በነፃ ወጡ።

ጥቁር አሜሪካውያንን "እነሱ" ስንል ያመኛል። ጣሊያን ሲወረን ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አብራሪ መጥቶ ለአገራችን በረረ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ አብራሪዎቻችንን አሠለጠነ፣ በ1954 አዲስ አበባ ሞተ። ያ ሰው የነሱ ጸብ ምን አገባኝ አላለም።

ሃይፋ ያደግኩት (ኒው ጀርሲ)፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እኔ ያደግኩት እስራኤል ነው። እዚያ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤት የለንም። አይሁድ ነን፣ ዕብራይስጥ እንናገራለን፣ ወታደር ቤት እንገባለን። በ2015 ደማስ ፓካዳ የሚባለውን የኛን ልጅ ሆሎን ከተማ ውስጥ ፖሊስ ሲደበድበው የአገሩን የወታደር ልብስ ለብሶ ነበር። በ2019 ሌላው የኛ ልጅ ሰለሞን ተካ ሃይፋ አጠገብ ቂርያት ሐይም ሲገደል 18 ዓመቱ ነበር። የተኮሰው ሥራ ላይ ያልነበረ ፖሊስ ነው። ወንድሜ ያንን ተቃውመው መንገድ ዘግተው ከተቀመጡት አንዱ ነው። እናቴ ልክ እንደዚች እናት በር ላይ ቆማ "አትውጣ" ስትለው አስታውሳለሁ። ወጣ።

ሐበሻ ነን ማለት እዚያ አላዳነንም። እዚህ ለምን ያድነናል?

ሹፌሩ (ሜሪላንድ)፦

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ የሙሉጌታን ነገር ከአባቴ ሰምቻለሁ። ግን አንድም ሰው ጥያቄዬን አልመለሰም። ጓደኛዬን የገደሉት እስከ ዛሬ አልተያዙም። ደውዬ ስጠይቅ መርማሪው ተቀይሯል ይሉኛል። ፖሊስ በዛብን ትላላችሁ፤ እኔ ዘንድ ፖሊስ ጠፋ። ያች እናት ምን ልበላት?

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)፦

ወንድሜ፣ እኮ እሱም አንድ በደል ነው። ልጁን ያለ ጥፋቱ 40 ደቂቃ ለማስተኛት ሰው ይገኛል፤ የጓደኛህን ገዳይ ለመፈለግ ሰው አይገኝም። እኔ ሰልፍ ስወጣ ለሁለቱም ነው የምወጣው።

ሹፌሩ (ሜሪላንድ)፦

ይሁን። ግን ልጁ አይውጣ ነው የምለው። ቢያንስ እናቱ እስክትምል ድረስ።

ባለዶሴው (ዴንቨር)፦

ሰልፍ መውጣት መብቱ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለውም ሰው መብት አለው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰልፉ ላይ ተይዞ ክስ ቢመጣበት ዜጋ ላልሆነ ሰው መዘዙ ሌላ ነው። አስፈራርቼ አይደለም፣ ሕጉ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ይሄን የምትወስኑት እናንተ ቤት ተቀምጣችሁ ነው።

የፖርትላንዱ አባት፦

አንቺ ልጄ፣ ባልሽን አትቆጪው። እሱም ፈርቶ ነው። ግን ልጁን "አፍህን ዝጋ" ባለው አፉ መልሶ ያናግረው።

የልጁ እናት (ኮሎራዶ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ለባሌም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሙሉጌታ ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ወጣ፤ ኋላ ሳየው ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም።

አቤቱታውንና የቪዲዮውን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት አስገብተናል። ሸሚዙንም አላጥበውም፣ በላስቲክ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። የቅዳሜውን ገና አልወሰንንም።

ባለዶሴው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ። እዚህ ኮሎራዶ በቅርቡ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ መሐላው ኢንተርቪው በተደረገበት ቀን ነው ወይስ ሌላ ቀን ይቀጥራሉ? ቢቀጥሩ ስንት ሳምንት ይቆያል?