ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የኡቡንቱ ሰርቨር አፕዴት የሚያደርግልን ጎበዝ ሰው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን አንድ ጅምላ መደብር ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራማችን ያለው ቢሮ በተቀመጠ አንድ ሰርቨር ላይ ነው፣ ኡቡንቱ 22.04። የተከለልን ልጅ ውጭ አገር ሄዷል። አሁን በገባሁ ቁጥር 94 አፕዴት አለ ይለኛል፤ ከሥሩ ደግሞ በኮከብ የታጠረ «ሪስታርት ያስፈልጋል» የሚል መስመር አለ። ብነካው ቢበላሽስ እያልኩ ይኸው ዓመት አለፈው። አለቃዬ ሁለት ምርጫ ሰጥቶኛል፦ ወርኃዊ ተከፍሎት ከአዲስ አበባ በርቀት የሚሠራ ድርጅት ወይም እዚሁ ሲጠሩት የሚመጣ ባለሙያ። የቱ ይሻለናል? ይገናኝ አይገናኝ እንጃ፣ አልፎ አልፎ ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ይመለሳል። ሰልፉ የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው።

ከደብረ ሲና፦
ለማንም አትክፈይ። ኧንአተንድድ አፕግሬድስ የሚባል አለ፣ ራሱ ይጭናል።

ሮቢት ማንጎ፦
የርቀቱን ነገር እኔን ጠይቁኝ። ወር በወር የምከፍለው ድርጅት ነበረኝ፣ ስሙ ይቅር። አምና የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ሱቁ ጢም ብሏል፤ ደውሎ «አፕዴት እያደረግንልህ ነው» አይለኝም? ማን ጠየቀህ! ስልኩን ሳልዘጋ መብራት ሄደ። ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ ዳታቤዙ ግን አልነሳም አለ። «ከበዓል በኋላ እናየዋለን» አሉ። ከበዓል በኋላ ስልኩ ዝግ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ በደብተር እየጻፍኩ ሸጥኩ። የዶሮ ወጡ እንኳ አልዋጥ አለኝ።

ጠባሴ፦
ዩፒኤስ የለህም እንዴ?

ሮቢት ማንጎ፦
አለኝ። ባትሪው ሞቷል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጠባሴ፦
ሌላ ጉዳይ?!

የቆላ ሰው፦
ሮቢት ላይ ሰርቨር የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ደብረ ብርሃኖች ታድላችኋል፣ ብርዱ በነፃ ያቀዘቅዝላችኋል።

ኦሪጅናል ብቻ፦
እህቴ፣ ጥሩ አንቲቫይረስ ግዢና ተገላገይ።

ከደብረ ሲና፦
ኡቡንቱ እኮ ነው ያለችው፣ ሊኑክስ ማለት ነው።

ኦሪጅናል ብቻ፦
ታዲያ ሊኑክስ ቫይረስ አይፈራም?

ባና ለባሹ፦
የርቀት ምናምን ተዉት። እኛ ጋ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ፣ ከእሱ ሌላ ሰው አላስነካም። ሰርቨራችንን ከተከለው 900 ቀን አለፈ፣ አንዴ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ኢንቨርተሩንም እሱ ነው የገጠመው። ሴንትኦኤስ 7 የሚባለው ሊኑክስ ነው፤ አፕዴት አድርጉኝ ብሎም አይጨቀጭቅ።

የመሐል ሜዳ ውርጭ፦
ጋሼ፣ የሞተ ሰውም ምሳ አምጡልኝ አይልም። ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ ያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የማይጨቀጭቅዎ የሚመጣለት ስለሌለ ነው። 900 ቀን ሪቡት ካልተደረገ ደግሞ የሚሠራው የዛሬ 900 ቀን የነበረው ከርነል፣ የሲስተሙ እምብርት ነው። ባና እንኳ በዓመት አንዴ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ባና ለባሹ፦
ሌሊት ብትጠራው የሚመጣ ልጅ ነው። በጨዋነቱ የሚስተካከለው የለም።

የመሐል ሜዳ ውርጭ፦
ጨዋነቱን ማን ካደ!

ቁንዲ፦
ይቅርታ ላቋርጥ፣ የፕሪንተር ቀለም የሚሞላ የምታውቁ?

የጣርማ በር ጉም፦
እህቴ፣ የጠየቅሽውን እኮ ማንም አልመለሰልሽም። ፍንጩ ያለው 3 ሰዓት ከሩቡ ላይ ነው። ኧንአተንድድ አፕግሬድስ ሳታውቂው እየሠራልሽ ሳይሆን አይቀርም፤ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ካልተቀየረ በቀር ሥራውን የሚጀምረው በሰርቨሩ ሰዓት ከንጋቱ 6 እስከ 7 ባለው መሀል ነው። ተካዮች ግን ሰዓቱን ብዙ ጊዜ ዩቲሲ ላይ፣ ማለትም ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው የዓለም መነሻ ሰዓት ላይ ይተዉታል። የዩቲሲ 6 ማለት በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ልክ ሰልፉ ሲጀምር። ዳታቤዛችሁ ማይኤስኪውኤል ከሆነ አፕዴቱ ሲመጣለት አጥፍቶ ያነሳዋል፤ ድርግም የሚለው ያን ጊዜ ነው። «ታይምዴትሲቲኤል» ብለሽ ጻፊና የሰርቨሩን ሰዓት እዪ። ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ከቀየርሽው 6 ማለት የእኛ ንጋት 12 ይሆናል፣ ሱቁ ገና ዝግ ነው።

94ቱ የተጠራቀሙት፣ እሱ በራሱ የሚጭነው የደኅንነቱን ብቻ ስለሆነ ነው። ሪቡትም ካላዘዙት አያደርግም፤ ስለዚህ አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ተቀምጦ አሮጌው ነው የሚሠራው። እሁድ ሱቅ ሲዘጋ መጀመሪያ ዳታቤዙን ውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ። «አፕት አፕዴት» ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያድሰው፣ ምንም አይጭንም፤ የሚጭነው «አፕት አፕግሬድ» ነው። እሱንም መጀመሪያ ሰረዝ ኤስ ጨምረሽ እዘዢው፣ ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ያሳይሻል። በርቀት ገብተሽ ከሆነ ቲመክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ሥሪ፣ ኔትወርክ ቢቆረጥም ሥራው አይቋረጥም። መሀል ላይ የኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይል ልቀይር ወይ ብሎ ከጠየቀ ኤን በይው፣ የተከለው ልጅ የጻፈው እንዳይጠፋ። መብራት ከሄደብሽ አትደንግጪ፣ ሲመጣ «ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» ብዙውን ጊዜ ካቆመበት ያስቀጥለዋል። ሲያልቅ ሪቡት።

ስለ ሁለቱ ምርጫ፦ ከአዲስ አበባ ይምጣ ከቀበሌሽ፣ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ አንስቶ ሳያሳይሽ አትፈራረሚ።

ሮቢት ማንጎ፦
እኔም ባክአፕ አለህ ተብዬ ነበር። ያስቀመጡት ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ነበር።

የመሐል ሜዳ ውርጭ፦
😂 ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፈው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ጉሜ፣ አየሁት! ዩቲሲ ይላል!! ዓመት ሙሉ ኢንተርኔቱን ስሳደብ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ለእሁድ ዩፒኤስ ያስፈልገኛል መሰለኝ፤ ደብረ ብርሃን የት ይገኛል?

ባና ለባሹ፦
ያልኩሽ ልጅ ጋ አለ። ስልኩን በውስጥ መስመር ልላክልሽ?

ሮቢት ማንጎ፦
ባትሪ ብቻ ይሸጣል?