14 አሸንፎ 5ኛ? የቫይኪንግስ የ2024 ሲዝን

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? እዚህ ጎንደር የአሜሪካን ፉትቦል ከምንከታተለው ልጆች መሃል ክርክር ተነስቶ አልቋጭ ብሏል። ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በ2024 ሲዝን 14 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ፊላዴልፊያ ኢግልስም ልክ እንደዚያው 14 እና 3 ነው። ታዲያ ኢግልስ 2ኛ ተብሎ በሜዳው ሲጫወት፣ ቫይኪንግስ በምን ሂሳብ ነው 5ኛ ሆኖ፣ 10 ጨዋታ ብቻ ካሸነፈው ራምስ ጋር በእንግድነት የተጫወተው? ፋሲል ከነማ ባለበት ሊግ እኩል ነጥብ የያዙ በጎል ልዩነት ይለያሉ እንጂ አንዱ ሦስት ደረጃ አይወርድም። ሌላው፣ ያን ያህል ያሸነፈ ቡድን በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች 9፣ 9 ነጥብ ብቻ ያስቆጠረው ምን ነክቶት ነው? የጨዋታ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር የሚያውቅ ቢጽፍልን፤ አንዱ ማታ 2 ሰዓት ይላል፣ ሌላው 3 ሰዓት።

አራዳ_17፦
መጀመሪያ ሊጉን እንደ አንድ ሰንጠረዥ ማየት ተው። 32ቱ ቡድኖች በሁለት ኮንፈረንስ ተከፍለዋል፤ በእያንዳንዱ ኮንፈረንስ 4 ዲቪዥን፣ በእያንዳንዱ ዲቪዥን 4 ቡድን አለ። ከየኮንፈረንሱ 7 ቡድን ፕሌይኦፍ (የተሸነፈ የሚወጣበት የማጠቃለያ ውድድር) ይገባል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለው ቦታ የዲቪዥን አሸናፊዎች ነው፣ ሌላ ማንም አይነካውም። ዲቪዥኑን ያላሸነፈ ቡድን 14 ቢያሸንፍም ከፍተኛው ቦታው 5ኛ ነው። ዋይልድ ካርድ የሚሉት ይሄንን ነው። ቫይኪንግስ ደግሞ ከዲትሮይት ላየንስ ጋር አንድ ዲቪዥን ውስጥ ነው ያለው፤ ላየንስ 15 እና 2 ጨረሰ። ኢግልስ የራሱን ዲቪዥን ስላሸነፈ 2ኛ፣ ታምፓ ቤይ በ10 ድል 3ኛ፣ ራምስም በ10 ድል 4ኛ። ከዚያ በኋላ ነው የቫይኪንግስ ተራ የሚመጣው።

የሚገርመው ሁሉም በአንድ ጨዋታ መወሰኑ ነው። በ18ኛው ሳምንት ቫይኪንግስና ላየንስ ሁለቱም 14 እና 2 ሆነው ዲትሮይት ላይ ተገናኙ። አሸናፊው 1ኛ ሆኖ የመጀመሪያውን ዙር ያርፋል (ከ2020 ጀምሮ ከየኮንፈረንሱ የሚያርፈው አንድ ቡድን ብቻ ነው)፣ ተሸናፊው 5ኛ ሆኖ በእንግድነት ይጀምራል። ላየንስ 31 ለ 9 አሸነፈ። አቻ ቢወጡም ለቫይኪንግስ አይጠቅመውም ነበር፤ ዲቪዥን ውስጥ እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የሚታየው የእርስ በርስ ውጤት ነው፣ በ7ኛው ሳምንት ደግሞ ላየንስ እዚያው ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄዶ 31 ለ 29 አሸንፏል።

ፍትሃዊ ነው ወይ ለሚለው፣ ለእኔ አይደለም። ደግሞ በ2025 ደንቡ ይቀየር፣ ደረጃው በውጤት ይሁን ብሎ ሀሳብ ያቀረበው ራሱ የተጠቀመበት ላየንስ ነው። ድጋፍ ስላላገኘ ሀሳቡን መልሶ ወሰደ።

ቁጥር_71፦
9፣ 9 ነጥብ ብቻ ለምን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግራ ታክል ነው፤ በአጥቂው መስመር ግራ ጫፍ ላይ የሚከላከለው ማለት ነው። የቫይኪንግሱ ግራ ታክል ክሪስቲያን ዳሪሶ በ8ኛው ሳምንት ከራምስ ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ተጎድቶ ሲዝኑ አለቀ። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ሳም ዳርኖልድ በቀኝ እጁ ነው የሚወረውረው፤ ለመወርወር ሲዞር ግራ ጎኑ አይታየውም፣ ያንን የሚጠብቅለት ግራ ታክሉ ነው። በእሱ ቦታ ካም ሮቢንሰንን ከጃክሰንቪል በዝውውር አመጡ፤ ለጊዜው ሠራ፣ 9 ጨዋታም በተከታታይ አሸነፉ። ጠንካራ ተከላካይ መስመር ሲመጣ ግን ታይቶ የሚወጣ ቀዳዳ ነበር። ራምስ በፕሌይኦፉ ዳርኖልድን 9 ጊዜ ሳክ አደረገው (ኳሱን ሳይወረውር ጣለው)፤ ከፕሌይኦፍ ሪከርድ ጋር እኩል ነው። አንዱ ኳስ ከእጁ ወጥቶ የራምሱ ጃሬድ ቨርስ 57 ያርድ ሮጦ ታችዳውን (ኳሱን ጎል ክልል ማድረስ፣ 6 ነጥብ) አገባበት። በእረፍት 24 ለ 3፣ መጨረሻ 27 ለ 9።

አዘዞ_ማዶ፦
ቁጥር_71፣ በዳሪሶ ጉዳት እስማማለሁ፤ ሁሉን ነገር ሮቢንሰን ላይ መከመርህ ግን ልክ አይደለም። ግፊቱ የበረታው ከመሃል ነው። ከጎን የሚመጣን ተጫዋች ኳርተርባኩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገብቶ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ከመሃል ሲገፉት ግን የሚገባበት ቦታ የለም፣ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ደግሞ ለጎኖቹ ራሱን ይሰጣል። ሌላ ማስረጃ ከፈለግህ ቡድኑ ከሲዝኑ በኋላ የገዛውን እይ፦ ሴንተር ራያን ኬሊ፣ ጋርድ ዊል ፍራይስ፣ በድራፍቱም (አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመረጡበት) የመጀመሪያ ዙር ጋርድ ዶኖቫን ጃክሰን። ሦስቱም የዚያው መስመር የመሃል ሰዎች ናቸው። አመራሩ ቀዳዳውን የት እንዳየው ግልጽ ነው።

ዳርኖልድም ከደሙ ንጹህ አይደለም። ላየንስ ላይ ከ41 ውርወራ 18 ብቻ ነው የተሳካለት። ጎል አካባቢ ደርሶ የተከፈተ ሰው እያለ ከፍ አድርጎ የሚለቀው ኳስ በዛ፤ 9ኙ ነጥብ ሦስት ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ የሚገባ፣ 3 ነጥብ) ነው። በብራያን ፍሎሬስ የሚመራው የቫይኪንግስ ዲፌንስ ያን ቀን የሚወቀስ አልነበረም እስከ ሦስተኛው ሩብ ድረስ፣ በኋላ ግን የላየንሱ ጃሚር ጊብስ በጠቅላላው 4 ታችዳውን አስቆጠረባቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቫይኪንግስን ፕሌይኦፉን ጨምሮ ዓመቱን ሙሉ ያሸነፉት ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ላየንስ ሁለቴ፣ ራምስ ሁለቴ።

የማራኪ ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ራምስ ሜዳ ነው ስትሉ ግን ጨዋታው አሪዞና ነበር አይደል?

አራዳ_17፦
አዎ፣ በሎስ አንጀለስ የሰደድ እሳት ምክንያት ግሌንዴል ወሰዱት። ባለሜዳው በደንቡ ራምስ ነው።

ሌሊት_ተረኛ፦
ሰዓቱን እኔ ልጻፍ። ሁለቱም ልጆች ልክ ናቸው። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ነው፤ በኅዳር ሳይሆን በጥቅምት መጨረሻ፣ በእነሱ የኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ከዚያ በፊት የእሁዱ የመጀመሪያ ጨዋታ ለእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ 3 ሰዓት። ቀጣዩ 5፡25 የነበረው 6፡25 ይሆናል። የእሁድ ማታው ትልቁ ጨዋታ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 9፡20 የነበረው 10፡20 ይገባል። አንድ ጨዋታ 60 ደቂቃ ይባል እንጂ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ የ10፡20ውን ያየ ሰው ጠዋት ወደ 1፡20 ነው የሚላቀቀው። ሥራ ያለው የማታ 3 ሰዓቱን ይይ፣ የሌሊቱን በማጠቃለያ ይጨርስ፤ ለዳታም ይሻላል።

ፕሌይኦፉ በጥር ስለሆነ ከበዓል ጋር ይጋጫል። ላየንስ በዋሽንግተን ቡድን 45 ለ 31 የተሸነፈበት ጨዋታ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2017 ለጥምቀት አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ጎንደር ያለ ሰው ጥምቀተ ባህሩ ጋ ነው የሚሆነው። ሱፐር ቦውል (የፍጻሜው ጨዋታ) ግን አሁን አሁን በየካቲት መጀመሪያ፣ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8፡30።