ለቅልጥም ቁስል ጤነኛ የደም ሥር ሲርቅ፦ ሁለት ግራፍት ወይስ ሉፕ?

ጠያቂ (የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት)፦

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከሰባት ሳምንት በፊት በመኪና አደጋ የቅልጥም አጥንቱ የተሰበረ አንድ ወጣት አለን። ስብራቱ ገስቲሎ 3ቢ (አጥንቱ ተጋልጦ ሽፋን የሚያስፈልገው ከባድ ክፍት ስብራት) ሲሆን በታችኛው ሲሶ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥንት ያለ ሽፋን ይታያል። በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን በሚያሳየው ምርመራ) እንዳየነው ከሦስቱ ደም ቅዳዎች እስከ እግሩ ጫፍ የሚዘልቀው የኋለኛው ቲቢያል ብቻ ነው፤ እሱም ቁስሉ አካባቢ በጠባሳ ተከቧል። ቁስሉን ለመሸፈን ላቲሲመስ ዶርሳይ የተባለውን የጀርባ ጡንቻ ልናዛውር አስበናል፤ ሆኖም የጡንቻው የደም ሥር ግንድ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉልበት አካባቢ ካለው ጤነኛ ሥር አይደርስም። ለደም ቅዳውና ለደም መልሱ ለየብቻ ግራፍት (ከሌላ ቦታ የተወሰደ የደም ሥር) እናስገባ ወይስ ሉፕ (መጀመሪያ ደም ቅዳን ከደም መልስ የሚያገናኝ፣ ኋላ መታጠፊያው ላይ የሚቆረጥ አንድ ረጅም የደም ሥር) እንሥራ? ሉፕ ከሆነስ በአንድ ቀን ወይስ በሁለት ዙር?

ምላሽ 1 (የማይክሮ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ)፦

ዶክተር፣ ከጠባሳው ውስጥ ሥር ከመፈለግ መራቃችሁ ትክክል ነው። ስሎቬኒያዊው የማይክሮ ቀዶ ሐኪም ማርኮ ጎዲና እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመው የ532 ሕሙማን ጥናታቸው እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት በተሠሩት ላይ የከሸፈው ፍላፕ (ከነደም ሥሩ የተዛወረ ሥጋ) 0.75 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ወር በተሠሩት ላይ ግን 12 በመቶ ነበር። የእናንተ ሕመምተኛ ያለው በዚሁ በከፋው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የሥሩ ዙሪያ ስለሚደድር ሲነካ ይኮማተራል፣ ሲሰፋም ይሰነጠቃል።

እኔ የምመርጠው ሉፕ ነው። የዚያኑ እግር ትልቁን ሳፊነስ (ከቆዳ ሥር ያለውን ረጅም ደም መልስ) ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት ነቅላችሁ፣ ከጉልበት በላይ ያለውን እንዳለ ትታችሁ፣ የታችኛውን ጫፍ አጥፋችሁ ከጉልበት ጀርባ ካለው የፖፕሊቲያል ደም ቅዳ ጎን ላይ ስፉት። ደሙ የሚፈሰው ደምን በአንድ በኩል ብቻ በሚያሳልፉት የደም መልሱ ቫልቮች አቅጣጫ ስለሆነ መገልበጥ አያስፈልግም፤ አንድ ስፌትም ይቀንስላችኋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ደም አሳልፉበትና ጣት ሲያርፍበት የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ብቻ መታጠፊያውን ቆርጣችሁ ሁለቱን ጫፎች ከፍላፑ ደም ቅዳና ደም መልስ ጋር ስፉ። ጥርጣሬ ካለ ችግሩ ፍላፑ ከጀርባ ሳይነሣ ይታወቃል፤ በሁለት ነጠላ ግራፍት ግን ይህ ዕድል የለም። ሁለት ዙሩን አልደግፍም፤ በመካከል ባሉት ቀናት ሉፑ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል።

ምላሽ 2 (የደም ሥር ቀዶ ሐኪም)፦

በሉፑ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ታልፏል። ከእንዲህ ዓይነት ስብራት በኋላ የቅልጥሙ ጥልቅ ደም መልሶች ተዘግተው ከሆነ፣ የእግሩን ደም የሚመልሰው ያው ሳፊነስ ነው። በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው መሣሪያ) ሳይታይ መነቀል የለበትም።

ሌላው መጠምዘዝ ነው። እኔ ራሴ በሬዚደንትነቴ ዘመን፣ ባዶ ሳለ ቀጥ ብሎ የታየኝን ግራፍት ደም ሲገባበት ግማሽ ዙር ተጠምዝዞ አግኝቼው ስፌቱን በሙሉ ደግሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ ከመነቀሉ በፊት በአንድ ጎኑ ቀለም አሰምርበታለሁ፤ ርዝመቱንም የምለካው ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ የሄፓሪን ውኃ ከተነፋ በኋላ ነው፤ ሲሞላ ይረዝማልና።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ዶፕለር አድርገን የቅልጥሙን ጥልቅ ደም መልሶች ተዘግተው አገኘናቸው፤ የፖፕሊቲያል ደም መልሱ ግን ክፍት ነው። ከሌላው እግር እንውሰድ?

ምላሽ 2፦

አዎ፣ የተጎዳውን እግር ሳፊነስ አትንኩት። ከጤነኛው እግር የምትወስዱትን በቁርጭምጭሚት በኩል ያለውን ጫፍ ወደ ደም ቅዳው፣ በብሽሽት በኩል ያለውን ወደ ፖፕሊቲያል ደም መልስ ስፉ፤ ካገላበጣችሁት ቫልቮቹ ይዘጉባችኋል። ጫፎቹን ከመነቀላቸው በፊት በተለያየ ክር ምልክት አድርጉባቸው።

ምላሽ 1፦

ከጡንቻው ጋር ትንሽ የቆዳ ደሴት አንሡ። በመጀመሪያው ቀን ነርሷ በየሰዓቱ ቀለሙን የምታየውና ዶፕለር የምታሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ወደ ሰማያዊነት ካደላና ሲወጉት ጥቁር ደም ቶሎ ቶሎ ከፈሰሰ የተዘጋው ደም መልሱ ነው፤ ያኔ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ቀዶ ክፍል መልሱት።