ከሬዶን ልኬት ወደ ሕዝብ አማካይ ዶዝ፦ የትኛው አማካይ?

ጥያቄ፦
ሬዶንን (ከአፈር የሚወጣ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ) ለመለካት በ400 ቤቶች ሲአር-39 ዲቴክተር (የአልፋ ቅንጣቶችን ዱካ ማለትም ትራክ የሚመዘግብ ፕላስቲክ) ለሦስት ወር ተቀምጦ የተገኘ ውጤት አለ። ጂኦሜትሪክ አማካዩ (የሎጋሪዝሞቹ አማካይ ወደ ቁጥር ሲመለስ) 30 ቤኬሬል በሜትር ኪዩብ፣ ጂኦሜትሪክ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የውጤቶቹ መበታተን መለኪያ) 2.5 ነው። ነዋሪው በዓመት በአማካይ ስንት ሚሊሲቨርት (የጨረር ዶዝ መለኪያ) እንደሚደርሰው ለማስላት 30ን በቀጥታ ማባዛት ይበቃል?

መልስ 1፦
አይበቃም። የሕዝብ አማካይ ዶዝ የእያንዳንዱ ሰው ዶዝ ተደምሮ ለሰው ቁጥር የሚካፈል ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገው አሪትሜቲክ አማካይ ነው። የቤት ውስጥ ሬዶን አብዛኛውን ጊዜ ሎግኖርማል ሥርጭት (ሎጋሪዝሙ ኖርማል የሆነ) ስላለው ጥቂት ከፍተኛ ቤቶች አማካዩን ሽቅብ ይጎትቱታል። የ2.5 ናቹራል ሎጋሪዝም 0.916 ነው፤ ስኩዌሩ ለ2 ሲካፈል 0.42፣ የዚህ ኤክስፖኔንሻል ደግሞ 1.52 ይሆናል። 30 × 1.52 ወደ 46 ይጠጋል። በ30 ቢያሰሉ ከዶዙ ሲሶው ይቀርብዎታል። ጥሬው መረጃ እጅዎ ላይ ካለ በቀጥታ ደምረው ያካፍሉትና ከ46 ጋር ያስተያዩት፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሎግኖርማል የሚለው ግምት አልሠራም ማለት ነው።

ቀጥሎ፦ 46 × 0.4 × 7000 ሰዓት × 9 ናኖሲቨርት = 1.16 ሚሊሲቨርት። 7000 ሰዓት ማለት ከጊዜው 80 በመቶውን ቤት ውስጥ ማሳለፍ ነው። 9 ናኖሲቨርት ከሬዶን ለሚወለዱት ንጥረ ነገሮች በአንድ ቤኬሬል-ሰዓት በሜትር ኪዩብ የሚታሰብ ዶዝ ነው። 0.4 (ኢኩሊብሪየም ፋክተር፣ የእነዚህ ንጥረ ነገሮች መጠን ከጋዙ አንጻር) የገባው ሳንባን በዋናነት የሚጎዳው ጋዙ ሳይሆን ከእሱ የሚወለዱት ፖሎኒየም-218 እና ፖሎኒየም-214 ስለሆኑ ነው፤ ጋዙ አብዛኛው ተመልሶ ይተነፈሳል። የደጁን አየር 10 ቤኬሬል ብለው ቢይዙ 10 × 0.6 × 1760 × 9 (0.6 የደጁ ኢኩሊብሪየም ፋክተር፣ 1760 ደግሞ የቀረው ሰዓት ነው)፣ ማለትም 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ይጨምራል።

መልስ 2፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን 9 የዩኤንኤስሲኢኤአር (የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴ) ቁጥር መሆኑ ይጻፍ። አይሲአርፒ (ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን) በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ከተከተሉ ለአንድ ቤኬሬል-ሰዓት በሜትር ኪዩብ ጋዝ 6.7 ናኖሲቨርት ነው፤ 46 × 7000 × 6.7 = 2.16 ሚሊሲቨርት። 0.4 በ6.7 ውስጥ አስቀድሞ ስላለ ደግመው አያባዙበት፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አየሩ ያው ሆኖ ዶዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚቃረብ፣ ሪፖርቱ ላይ ቤኬሬሉና የተጠቀሙበት ቁጥር አብረው ይቅረቡ።

ጠያቂው፦
ልኬቱ የተካሄደው በቀዝቃዛ ወራት ነው። ዲቴክተሮቹ በሙሉ ከመሬት ጋር በተያያዘው ወለል ላይ ነበሩ።

መልስ 3፦
እንግዲያው 46ም ሳይበዛ አይቀርም። በብርድ ጊዜ መስኮት ይዘጋል፤ ቤት ውስጥ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከአፈር ውስጥ ጋዝ ይስባል። በአንዳንዶቹ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ለክተው ማስተካከያ ያውጡ፤ ከሌላ አገር የተወሰደ የወቅት ማስተካከያ ሲያሳስት ነው የሚኖረው። ወለሉን በተመለከተ ሚዛን የሚሰጠው የቤት ቁጥር ሳይሆን የነዋሪ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 40 በመቶው ሕዝብ በታችኛው ወለል (46)፣ 60 በመቶው ከላይ (25 ነው እንበል) ቢኖር አማካዩ 33 ገደማ ይሆናል።

ዲቴክተሩ የት እንደተሰቀለም ይጣራ። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈና ማቀፊያው ቶሮንን (ሌላ የሬዶን አይሶቶፕ) የማያግድ ከሆነ፣ የ55.6 ሰከንድ ግማሽ ዕድሜ ያለው ይህ ጋዝ ግድግዳው አጠገብ ስለሚከማች እንደ ሬዶን ይቆጠርብዎታል። ተራ ፕላስቲክ ከረጢት ደግሞ ሬዶን ያሳልፋል፤ በአሉሚኒየም በተለበጠ ከረጢት ታሽገው የተጓዙ፣ ያልተከፈቱ ባዶ ዲቴክተሮች ከሌሉ በመንገድና በመጋዘን የተመዘገበውን ትራክ መቀነስ አይችሉም፤ ይህም ዝቅተኛ ቤቶችን ከሁሉ በላይ ያዛባል።